ያገኘኋት ጉንዳን ንግሥት ናት ወይ?

የጉንዳን ደብዳቤ ተጠራቅሞብኛል። በዚህ ዕትም አራቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ሌሎቹም ቢሆኑ መልሳቸው ግማሹ እዚያው ውስጥ አለ።

ጥያቄ

ጋሼ ሰላም ነዎት? የአዳማ ልጅ ነኝ። ሰሞኑን ያልጠበቅነው ዝናብ ማታ ጥሎ ካባራ በኋላ፣ በረንዳችን መብራት ሥር አንዲት ትልቅ ጉንዳን ወዲህ ወዲያ ስትል አገኘሁ። ክንፍ የላትም። ራሷና ደረቷ ጠቆር ያለ ቡናማ ነው፣ እግሮቿ ወደ ቢጫ ይሄዳሉ፣ ሆዷ ላይ ግራና ቀኝ ፈዘዝ ያሉ ነጠብጣቦች አሉ። በማርማላታ ጠርሙስ አስቀምጫታለሁ። ስኳር ብሰጣት ዞር ብላም አላየችው። እህቴ «አሸን ናት፣ ጣላት» ትላለች። ጓደኛዬ ደግሞ «ንግሥት ከሆነች ፈረንጆች በዶላር ይገዟታል» አለኝ። ንግሥት ናት? ምን ዓይነት? ሁለት ፎቶ ልኬያለሁ፤ በሁለተኛው ላይ ማስመሪያ አለ።

መልስ

ሰላም ነኝ ወንድሜ፣ ተመስገን። አላንዛዛብህም፤ አዎ፣ ንግሥት ናት። ወገኗ ካምፖኖተስ ይባላል። ስኳሩን አንሳላት፣ ጠርሙሱን ጨለማ ቦታ አድርግ፣ ከዚያ ቀስ ብለህ አንብበኝ።

መጀመሪያ ከእህትህ ጋር እንጨርስ። አሸን ብላ መጠርጠሯ አያስፈርድባትም። ዝናብ ባባራ ምሽት ሁለቱም ከመሬት ይወጣሉ፤ ሁለቱም መብራት ይወዳሉ፤ ሁለቱም ክንፋቸውን በየወለሉ ያራግፋሉ። አሸን ግን ክንፍ ያወጣ ምስጥ ነው። ምስጥ ደግሞ በዘር ሐረግ ለጉንዳን ሳይሆን ለበረሮ ነው የሚቀርበው። አሸን ቀጭን ወገብ የለውም፤ ከደረቱ እስከ ሆዱ ወጥ ነው። አንቴናው እንደ ጨሌ የተደረደረ ቀጥ ያለ ነገር ነው። አራቱ ክንፎቹ እኩል ናቸው። የጉንዳን ወገብ ግን የቀጠነ ነው፤ አንቴናዋ መሃሉ ላይ ይታጠፋል፤ ክንፍ ሲኖራትም የፊቶቹ ከኋላዎቹ በግልጽ ይበልጣሉ። የአንተዋ አንቴና መታጠፉ በፎቶው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እህትህ ተረታለች።

ንግሥት መሆኗን ያወቅኩት ግን በመጠኗ አይደለም። ይህን አሥር ጊዜ ብጽፈው አይሰለቸኝም። ትልቅ ጉንዳን ሁሉ ንግሥት አይደለችም! በካምፖኖተስ ጎጆ ውስጥ ራሳቸው የገዘፈ ትልልቅ ሠራተኞች አሉ። ሰው ይይዛቸውና ብልቃጥ ውስጥ ከትቶ ዛሬ ነገ ይወልዳሉ እያለ ሲጠብቅ ይከርማል።

የሚታየው ደረቷ ነው። ሠራተኛ በሕይወቷ በርራ አታውቅም፤ የክንፍ ጡንቻም የላት፤ ስለዚህ ደረቷ ጠባብ ነው። በትልልቆቹ ሠራተኞች ላይ ራሳቸው ከደረታቸው በጣም ይሰፋል። ንግሥት ለአንድ ቀን በረራ ስትል የክንፍ ጡንቻ ይዛ ነው የምትወጣው። ደረቷ ከጎን ሲያዩት ያበጠ ነው፤ ከላይ ሲያዩትም ከራሷ ስፋት ብዙ አያንስም። በየጎኗ ደግሞ ክንፎቹ የረገፉበት ሁለት ሁለት ጠባሳ ይቀራል። የአንተዋ ጠባሳ አላት፤ በርራ ወርዳ ክንፏን ጥላለች ማለት ነው። ማጉያ ካገኘህ አናቷን እይ። በሦስት ማዕዘን የተቀመጡ ሦስት ጥቃቅን ተጨማሪ ዓይኖች ታገኛለህ። የካምፖኖተስ ሠራተኞች እነዚህ የሏቸውም።

እግረ መንገዴን ስለ ፎቶ ልናገር። የላክልኝ የመጀመሪያው ፎቶ ከላይ የተነሳ ነው፤ ምንም አልነገረኝም። ሥራዬን ያቀለለልኝ ከጎን የተነሳው ነው። አንባብያን፣ እባካችሁ ከጎን አንሱልኝ። ማስመሪያም አጠገቧ አድርጉ። «የአውራ ጣት ጥፍር ታክላለች» የሚል ደብዳቤ በየወሩ ይደርሰኛል፤ የማንን ጥፍር ልለካ? የአዳማዋ በማስመሪያው 15 ሚሊ ሜትር ግድም ናት። የተያዘችበት ከተማ፣ ሰዓቱ፣ ዝናብ ጥሎ እንደሆነ፣ ይሄ ሁሉ ከፎቶው እኩል ያስፈልገኛል።

ወደ ወገኗ እንምጣ። እኔ ቀለምን መጨረሻ ነው የማየው። ቀለም ያታልላል፤ በአንድ ጎጆ ውስጥ እንኳ ይለያያል። የምጀምረው ከወገቧ ነው። በደረቷና በሆዷ መካከል ስንት ጉብታ አለ? አንድ ወይስ ሁለት? የአንተዋ አንድ ናት። ይህ ብቻውን ከምናውቃቸው ጉንዳኖች ብዙዎቹን ከዝርዝሩ ያስወጣል። ቀጥሎ የሆዷ ጫፍ ነው። መናደፊያ የላትም፤ በምትኩ በጸጉር የተከበበች ትንሽ ክብ ቀዳዳ አለች። በእሷ አሲድ ትረጫለች። መናደፊያ የላትም ማለት አትነክስም ማለት እንዳልሆነ ግን እወቅ። ከዚያ አንቴናዋ የተተከለበት ቦታ ነው፤ ከአፏ በላይ ካለው ሰሌዳ ራቅ ብሎ ይጀምራል። እነዚህ ሦስቱ ሲገናኙ፣ በዚህ መጠን ላይ፣ ካምፖኖተስ ናት። አሁን ቀለሙን አምጣው። ቢጫ እግር፣ ሆድ ላይ ፈዛዛ ነጠብጣብ፣ በማታ መውጣት፣ መብራት መውደድ፤ እነዚህ የካምፖኖተስ ማኩላተስ ቡድን ምልክቶች ናቸው። በአፍሪካ በሰፊው ያለ ቡድን ነው።

ከዚህ በላይ ስም አልሰጥህም። በዚህ ቡድን ውስጥ የሚመሳሰሉ ብዙ ናቸው። የመለያ መጻሕፍቱ ደግሞ የተጻፉት በአብዛኛው ሠራተኞችን በማየት ነው፤ በተለይ ትልልቆቹን። በአንድ የንግሥት ፎቶ ሙሉ ስም የሚነግርህ ሰው ካገኘህ ተጠራጠረው። ሠራተኞች ስታወጣ የእነሱን ፎቶ ላክልኝ፤ ያኔ እንነጋገራለን።

ጉብታዋ ሁለት ቢሆን ኖሮ መንገዳችን ሌላ ነበር። ሆዷ የልብ ቅርጽ ካለውና ስትቆጣ ወደ ጀርባዋ የምታጥፈው ከሆነ ክሬማቶጋስተር ናት፤ በስምጥ ሸለቆ ግራሮች ላይ የምትኖረዋ። ራሷ ሰፊና አራት ማዕዘን ሆኖ ከአገጯ ሥር ረጃጅም ጸጉር ካለ ሜሶር፣ ዘር ሰብሳቢዋ ናት። ትንሽ፣ ከሰባት ስምንት ሚሊ ሜትር የማትበልጥ፣ የአንቴናዋ ጫፍ በሦስት ቁራጭ የወፈረ ከሆነ ፌይዶሌን እጠረጥራለሁ።

ስኳሩን ለምን እንደናቀችው ልንገርህ። የካምፖኖተስ ንግሥት ስንቋን በሰውነቷ ይዛ ነው የምትመጣው። ከእንግዲህ የማያስፈልጋትን የክንፍ ጡንቻ ቀስ በቀስ አሟሙታ ራሷንም የመጀመሪያ ልጆቿንም ትመግብበታለች። ሠራተኞች እስኪወጡ ምግብ አትፈልግም። የምትፈልገው ውኃ፣ ጨለማና ሰላም ነው። የላቦራቶሪ ቴስት ቲዩብ ካገኘህ ሲሶውን ውኃ ሙላና ውኃውን በጥጥ ግጠመው። ጥጡ እርጥብ ይሁን፤ ውኃው ግን ማለፍ የለበትም። ንግሥቲቱን አስገባና አፉን በሌላ ደረቅ ጥጥ ዝጋ። ከዚያ ሰው በማይነካው መሳቢያ ውስጥ አስተኛው። (ባለቤቴ የመድኃኒት መሳቢያ ከፍታ ጉንዳን ማግኘት መርሯታል፤ አንተ የራስህን መሳቢያ ተጠቀም።) በሳምንት አንዴ ብቻ እያት። በየሰዓቱ መብራት የምታበራባት ከሆነ እንቁላሏን መልሳ ትበላዋለች።

እንቁላል ከጣለች ወዲያው እልል አትበል። ክንፏን መጣሏም እንቁላል መጣሏም ከወንድ ጋር መገናኘቷን አያረጋግጥም። በጉንዳን ዘንድ ካልዳበረ እንቁላል የሚወጣው ወንድ ነው። ማረጋገጫህ የመጀመሪያዋ ሠራተኛ ናት። በአዳማ ሙቀት ከእንቁላል እስከ ሠራተኛ አንድ ወር ተኩል፣ ሁለት ወር ጠብቅ። የመጀመሪያዎቹ ቀጫጮች ይሆናሉ፤ ስንቁ ትንሽ ስለሆነ ነው። ያን ጊዜ ጠብታ የማር ውኃና የተጨፈለቀች ትንኝ ስጣቸው።

አሁን የጓደኛህ ዶላር። እውነት ነው፣ ጉንዳን የሚያረቡና ንግሥት የሚገዙ ሰዎች በአውሮፓም በእስያም አሉ። የኬንያውን ጉዳይ ግን ሰምተሃል? በ2017 ዓ.ም ሁለት የቤልጂግ ወጣቶች 5,000 ገደማ ጉንዳኖች ይዘው ተገኙ። አብዛኞቹ ሜሶር ሴፋሎተስ የምትባለዋ የምሥራቅ አፍሪካ ትልቅ ዘር ሰብሳቢ ነበሩ። የተደበቁትም ልክ አሁን በነገርኩህ ዓይነት ጥጥ በተወተፈበት ቴስት ቲዩብ ውስጥ ነበር። የናይሮቢ ፍርድ ቤት እያንዳንዳቸውን አንድ ሚሊዮን የኬንያ ሽልንግ እንዲከፍሉ ወይም 12 ወር እንዲታሰሩ ፈረደ። በእኛም አገር የዱር ነፍሳት የጄኔቲክ ሀብት ናቸው፤ አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለ። ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ወንጀል ነው። አንድ ንግሥት ቤትህ ይዘህ ማየት ሌላ፣ በፖስታ መሸጥ ሌላ። ሕጉን እንኳ ብንተወው፣ ለመሸጥ ሲባል ንግሥቶቹ ከተለቀሙ የሚቀጥለውን ዓመት ጎጆ የሚመሠርት የለም። ጓደኛህን ሌላ ቢዝነስ ፈልግ በለው።

ጥያቄ

ጋሼ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው የምጽፍልዎ። ግንቦት ላይ የ9 ዓመት ልጄ ከጓሯችን ዴክ ላይ ትልቅ ጥቁር ጉንዳን ያዘ። ሆዷ ላይ ወርቃማ ጸጉር አላት። አሁን ትንንሽ ሠራተኞች አሏት፤ ትልልቅ ቢጫ እንቁላሎችም አሏት። ጎረቤቴ «ቤት የምትበላዋ ናት፣ ኤክስተርሚኔተር (ተባይ አጥፊ) ጥሪ» ብላ አስደነገጠችኝ። ልጄ ደግሞ አትላንታ ላለው ለአጎቱ ልጅ ጥቂት በፖስታ ልላክ እያለ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ

እህቴ፣ ልጅዎ ጎበዝ ነው። አብዛኛው ሰው እዚህ ደረጃ አያደርሳትም።

ካምፖኖተስ ፔንሲልቫኒከስ ናት፤ እዚያ ካርፔንተር አንት፣ አናጢ ጉንዳን የሚሏት። ለዚህች ሙሉ ስም ለመስጠት አላመነታሁም። በምሥራቅ አሜሪካ በደንብ የተጠናች ናት፤ ደብዛዛ ጥቁር ሰውነቷ፣ የሆዷ ጸጉር፣ የግንቦት ወር፣ ሠራተኞቹም በፎቶው ላይ አሉ። በአካባቢዎ ቅርብ ዘመዶች አሏት። ደረቷ ቀይ የሆነችዋ ክሮማዮዴስ ናት፤ ብርቱካንማ ሆና የምታብለጨልጨው ካስታኒየስ ናት። ትልልቅ ቢጫ እንቁላል ያሉት እንቁላል አይደለም። እጮቹ ክር ፈትለው የተጠቀለሉበት ከረጢት ነው፤ ከእያንዳንዱ አንድ ሠራተኛ ትወጣለች።

እንጨት አትበላም። ምስጥ ነው የሚበላ። እሷ ጎጆ ለመሥራት እንጨት ትቦረቡራለች፤ የምትመርጠውም በውኃ የራሰና የላላ እንጨት ነው። ግንቦት ላይ ደጅ አንዲት ንግሥት መገኘቷ ቤትዎ ተይዟል ማለት አይደለም፤ ያን ሰሞን ከየዛፉ ይበርራሉ። የሚያሳስበኝ ክንፍ ያላቸው ብዙ ጉንዳኖች በብርዱ ክረምት ማብቂያ ሳሎን ውስጥ ብቅ ቢሉ ነው። ክንፋሞች የሚወጡት ዓመታት ካስቆጠረ ትልቅ ጎጆ ነውና፣ ያኔ ግድግዳ ውስጥ የሚያፈስ ቧንቧ ወይም የበሰበሰ እንጨት ይፈለጋል። ለአሁኑ ኤክስተርሚኔተሩ ይቅር።

ፖስታውንም ይከልክሉት። በአሜሪካ ንግሥት ያላት የጉንዳን መንጋ ከስቴት ስቴት ለማሻገር የግብርና መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፒፒኪው 526 ይባላል። ሠራተኞቹን ብቻ ልላክ ካለ ደግሞ ያለ ንግሥት ከርመው ይሞታሉ፤ ምን ያደርጉለታል? የአጎቱ ልጅ ግንቦት ላይ የራሱን ይፈልግ፤ አትላንታም ሞልተዋል።

አንድ ነገር ግን አሁኑኑ ያስፈልጋታል፤ ብርድ። የአዳማዋ እንደ እናንተ ያለ የብርድ ክረምት አታውቅም፤ የእርስዎ ግን ክረምት መተኛት አለባት። ከኅዳር እስከ የካቲት ማብቂያ ቀዝቃዛ ቦታ ያኑሯት፤ ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚሆን ጋራዥ ወይም የፍሪጅ በር። ጥጡ እርጥብ መሆኑን እያዩ። ደርቀው ቢታዩ አይደንግጡ፤ ተኝተው ነው። እጮቹም እስከ ፀደይ ባሉበት ይቆያሉ።

ልጅዎ ስንት ዓመት ትኖራለች ብሎ ቢጠይቅዎ፣ ላሲየስ ኒገር የምትባል የአውሮፓ ጉንዳን ንግሥት በእንክብካቤ ውስጥ 28 ዓመት መኖሯ ተመዝግቧል። ካምፖኖተስም ከአሥር ዓመት በላይ ትዘልቃለች። ልጁ ኮሌጅ ሲሄድ ጉንዳኗን የሚያስታምሙት እርስዎ እንደሆኑ ካሁኑ ይወቁት።

ጥያቄ

ከይርጋለም ነን፣ የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች። ማታ መብራት ላይ እየበረረ የሚወድቅ ቀይ ቡናማ፣ ጸጉራም፣ ወፍራም ነፍሳት ይዘናል። 3 ሳንቲ ሜትር ነው። ሆዱ ረጅም ነው። አንዱ መምህራችን ተርብ ነው አሉ፤ ሌላው የጉንዳን ንግሥት ነው አሉ። ማን ልክ ነው?

መልስ

ሁለቱም መምህራን ትንሽ ትንሽ ይሳካላቸዋል። ጉንዳን ነው፣ ንግሥት ግን አይደለም። የገብረ ጉንዳን ወንድ ነው፤ በሳይንሱ ዶሪለስ። ተርብ መምሰሉ አያስገርምም፤ ጉንዳንና ተርብ ዘመዳሞች ናቸው። ወንዱ ትልልቅ ዓይኖች፣ ክንፎችና ያን ረጅም ሆድ ይዞ ማታ ማታ ይበርራል፤ አይናደፍም። ሠራተኞቹ እህቶቹ ዓይን የላቸውም፤ ስለዚህ አጠገብ ለአጠገብ ብታስቀምጧቸው የአንድ ቤት ልጆች ናቸው ብሎ የሚያምናችሁ የለም።

የገብረ ጉንዳን ንግሥት መብራት ላይ አትመጣም። ከመጀመሪያውም ክንፍ የላትም። ዓይንም የላትም። በአንዳንድ ዝርያዎች እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ትደርሳለች፤ ከጉንዳኖች ሁሉ ትልቋ ናት። ከመሬት በታች በብዙ ሺህ ሠራተኞች ተከብባ ትኖራለች፤ የምትንቀሳቀሰው መንጋው ጎጆ ሲቀይር ነው። ብቻዋን ብልቃጥ ውስጥ ጎጆ ልትመሠርት አትችልም። እናንተም ፍለጋ እንዳትወጡ፤ ገብረ ጉንዳን ሱሪ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚመስል የሲዳማ ልጆች ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

ጥያቄ

ጋሼ፣ ከናታንያ፣ እስራኤል። ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ ቀን ላይ መንገዱ ሁሉ ጥቁር ንግሥት ሆነ። አንዷን ይዣለሁ። ራሷ ትልቅ ነው፣ ወገቧ ላይ ሁለት ጉብታ አለ። እናቴ ጤፍ ስጣት አለችኝ። ልስጣት?

መልስ

በሁለት መስመር ከተማውን፣ ሰዓቱን፣ ዝናቡንና ጉብታውን ነገርከኝ፤ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ይባረክ። ሜሶር ናት። በእናንተ አገር ከበጋው ድርቅ በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል በብዛት የሚበርሩት እነሱ ናቸው። ጥቁሯ ኤቤኒነስ ሳትሆን አትቀርም፤ ሠራተኞቹን ሳላይ ግን አልፈርምም።

እናትህ ዘር በሊታ መሆኗን ማወቃቸው ደስ ብሎኛል። ጤፉ ግን ይቆይ። ይህችም እንደ አዳማዋ ብቻዋን ሳለች አትበላም። ሠራተኞች ሲወጡ ጥሬ፣ ያልተፈጨ ጤፍ ስጣቸው፤ የመጀመሪያዎቹ ትንንሽ ስለሆኑ መጠኑ ይስማማቸዋል። ቴስት ቲዩቡ ውስጥ ሳይሆን ደረቅ ቦታ ላይ አድርግላቸው። እርጥቡ ጥጥ አጠገብ ከጣልከው ወይ ይበቅላል ወይ ይሻግታል።